ራሳችን ነን የተማርነው

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተማሪዎች መምህራቸውን ይገመግማሉ። ስም አይጻፍበትም። ቁጥር ያከብባሉ፤ ከታች ለአስተያየት የተተወ ባዶ መስመር አለ። አብዛኞቹ ባዶውን ባዶ ይተዉታል። ባለፈው ዓመት ግን ከአንደኛ ዓመት የጤና ተማሪዎቼ አንዱ ወይም አንዷ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ትተውልኝ ነበር፦ «መምህሩ ጥሩ ሰው ነው። ግን አላስተማረንም። ጠየቀን፣ አከራከረን። ራሳችን ነን የተማርነው።»

ይህ ምስጋና አይደለም። ቅሬታ ነው። ሌሎቹን ወረቀቶች ሳገላብጥም ተመሳሳይ ነገር አየሁ። «ሌክቸር ይብዛልን»፣ «ስላይዱ አጥሯል»፣ «መልሱን ቶሎ አይነግረንም»። ይኸው ባች ግን የደም ግፊት ምዕራፍ ላይ ያወጣሁትን በጣም ከባድ ጥያቄ ከቀደሙት ባቾች ሁሉ በተሻለ ሠርቶታል። ትምህርቱ ገብቷቸዋል፤ እንደተማሩ ግን አልተሰማቸውም። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ።

የማስተምረው ፊዚዮሎጂ ነው፤ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠና ትምህርት። ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ላቦራቶሪ የሚማሩ ልጆች አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጡልኛል። ከየትምህርት ቤታቸው ተመርጠው የመጡ ቀለሜዎች ናቸው። እዚህ የደረሱትም በሽምደዳ ነው፤ እንዲህ ስል ልወቅሳቸው አይደለም። የሚፈተኑት በዚያ መንገድ ስለሆነ የለመዱት እሱን ነው። ኮርሱ በተጀመረበት ሳምንት የሚጠይቁኝ ጥያቄም ያው ነው፦ «ቲቸር፣ ስላይዱን ቴሌግራም ላይ ይለቁልናል?» ሀንድአውቱ ኮፒ ይደረጋል፣ የሲኒየሮች ወርሺት ይሰበሰባል፣ ከፈተና በፊት ባሉት ሌሊቶች ይቸከላል። ፈተናው ካለፈ በኋላ ምን እንደሚተርፍ የሚጠይቅ የለም።

ያ ከሰዓት

የደም ግፊት ቁጥጥርን የምናይበት ቀን ነበር። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነው፣ አዳራሹ ሞቋል፣ ከኋላ ያሉትን እንቅልፍ እየታገላቸው ነው። የተለመደው አካሄድ ቀመሩን ስላይድ ላይ ማሳየት ነው፦ ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም ከደም ሥሮች ተቃውሞ ጋር ሲባዛ ግፊቱን ይሰጣል። ተማሪው ይገለብጣል፣ መምህሩ ወደሚቀጥለው ስላይድ ያልፋል።

ያን ቀን ፕሮጀክተሩን አልከፈትኩም። «ሁለት ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ፣ በአውራ ጣታችሁ በኩል አስቀምጡ» አልኳቸው። «የልብ ምታችሁን ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙት።» ጉርምርምታ ተነሳ። ያን የደም ሥር ከነቅርንጫፎቹ በቃላቸው የሚያውቁ ልጆች ምቱን የራሳቸው እጅ ላይ ፈልገው አጡት። አንዱ በአውራ ጣቱ ይዞ ሲቆጥር ጎኑ ያለችው «በሱ አይደለም፣ እሱ የራሱ ምት አለው» ብላ እጁን አስተካከለችለት። ማንም አላዘዛትም።

ሁሉም ቁጥራቸውን ከጻፉ በኋላ «አሁን ተነሱ፣ ወዲያው ቁጠሩ» አልኩ። አዳራሹ ነቃ። «የኔ 12 ጨመረ!» «የኔ 18!» ለምን? የሮጠ የለም፣ የደነገጠ የለም። መቆም ብቻ ነው። መልሱን አልነገርኳቸውም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፍኩ፦

አንዲት እናት ከወለደች አንድ ሰዓት ሆኗታል። ደም እየፈሰሳት ነው። የደም ግፊቷ 110/70፣ የልብ ምቷ 124። ታሰጋለች ወይስ አታሰጋም?

እጅ አስወጣሁ። አብዛኛው «አታሰጋም» አለ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ግፊቱ ኖርማል ነው። ትክክል ናችሁም አላልኩ፣ ተሳስታችኋልም አላልኩ። «ከእናንተ የተለየ እጅ ያወጣ ሰው ፈልጉና አሳምኑት። በፈለጋችሁት ቋንቋ» ብቻ አልኩ።

ጫጫታው ሌላ ዓይነት ሆነ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ በመሀል የእንግሊዝኛ ቃላት። እኔ በወንበሮቹ መሀል እየዞርኩ ማዳመጥ ያዝኩ። ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ አለች። ከዚያ ቀን በፊት ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ሁለት ወንዶችን ይዛ ታስረዳለች። «ግፊቱን የያዘው ማነው? ልቧ ናት የያዘችው። አሁን ስንነሳ የሆነው እኮ ነው። ደሙ ወደ ታች ሄደ፣ ልባችን ሮጠ፣ ግፊቱ ሳይወርድ ቀረ። የሷ ደም ግን ወደ እግሯ አይደለም የሄደው፣ ወደ ውጭ ነው። ተመልሶ አይመጣም። ልቧ ሲደክምስ?»

ቀመሩን አልጠራችም፤ ግን እየሠራችበት ነበር። እኔ በዚያ ስላይድ ላይ ብዙ ደቂቃ ፈጅቼ የምለውን ነገር በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሁለቱ ልጆች ዝም አሉ። አንደኛው ቀስ ብሎ ጣቱን እንደገና አንጓው ላይ አደረገ።

እጅ ደግሜ አስወጣሁ። አብዛኛው «ታሰጋለች» ወደሚለው ዞሯል። ሁሉም ግን አልዞረም። አንድ ልጅ በአቋሙ ጸና፦ «ቲቸር፣ ወልዳለች እኮ። አሟታል፣ ፈርታለች። ልቧ በዚያም ሊመታ ይችላል።» ጥሩ ተቃውሞ ነው። እውነትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ፦ ፍርሃት ይሁን ደም ማጣት እንዴት ትለያለህ? ደሙን እይ አለ አንዱ። እጇን ዳስስ፣ ቀዝቅዞ እንደሆነ አለች ሌላዋ። ጥፍሯን ተጭኖ መልቀቅና ቀለሙ በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ ማየት የሚል መጣ። ማህፀኗ ጠንክሯል ወይስ ልል ነው የሚል ከሚድዋይፈሪዎቹ በኩል ተነሳ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቁጠር ተባለ። እነዚህ ዋርድ ገብተው የማያውቁ የአንደኛ ዓመት ልጆች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው እኔ የተናገርኩት። ስንቆም ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። አንገት ውስጥና ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ሥር ላይ ያሉ ግፊት ለኪ ነርቮች ይህን ወዲያው ያውቃሉ፤ ልብ እንዲፈጥን፣ የደም ሥሮች እንዲጠቡ ያደርጋሉ። ጤነኛ ወጣት ሰውነት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ደሙን እስኪያጣ ድረስ የላይኛውን ግፊት ይዞ ሊቆይ ይችላል። እርጉዝ ሴት ደግሞ የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር ነገሩን ለረጅም ጊዜ ትደብቀዋለች። ግፊቱ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። የልብ ምቷን በላይኛው ግፊት አካፍሉ አልኳቸው። 124 ለ110፣ ከ1 በላይ። ለወለደች እናት ይህ ቁጥር ከ0.9 ሲያልፍ መንቃት አለብን። ይህን ስናገር ደብተር ላይ ያቀረቀረ አልነበረም። ያልኩት ነገር ሲከራከሩበት ለቆዩት ጥያቄ መልስ ነበርና።

ሌክቸር ያስደስታል

ታዲያ እንዲህ ያለ ክፍል ያሳለፉ ልጆች «አላስተማረንም» ለምን ይላሉ?

ነገሩ የኔ ተማሪዎች ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ሳነብ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ከሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍሎች የወጣ ጥናት አለ። ተማሪዎቹ አንዱን ርዕስ ጥሩ አድርጎ በሚናገር መምህር ሌክቸር፣ ሌላውን ደግሞ ራሳቸው ጥያቄ እየሠሩና እየተወያዩ ተማሩ። ሲፈተኑ ራሳቸው የሠሩበት ላይ የተሻለ ውጤት አመጡ። «ምን ያህል ተማርክ?» ሲባሉ ግን ለሌክቸሩ የተሻለ ነጥብ ሰጡ። ልክ እንደ ልጆቼ።

በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ሙከራም እዚሁ ያደርሳል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ ደጋግመው አነበቡት፣ ሌሎቹ አንዴ አንብበው ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። እንዲያውም ደጋግመው ያነበቡት በራሳቸው የበለጠ ተማምነው ነበር።

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የግምገማ ወረቀቱ ትርጉም ሰጠኝ። ጥሩ ሌክቸር ሲሰማ ሁሉም ነገር ልስልስ ብሎ ይገባል። ተማሪው ይነቀንቃል። «ገባኝ» የሚለው ስሜት ይመጣል፤ ስሜቱ ግን የመጣው ከመምህሩ ንግግር ቅልጥፍና ነው። ራስህ ስትሞክር ግን ትደናቀፋለህ፣ ከጓደኛህ ጋር ትጋጫለህ፣ የማታውቀው ፊትህ ይደቀናል። ደስ አይልም። ተማሪው ያንን ስሜት «መምህሩ አላስተማረኝም» ብሎ ይተረጉመዋል።

ለታሪክ ወይም ለሒሳብ ተማሪ ይህ የውጤት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለጤና ተማሪ ግን ይብሳል። «ገባኝ» የሚለውን የውሸት እርግጠኝነት ይዞ ዋርድ የሚገባ ልጅ 110/70 አይቶ «ኖርማል» ብሎ ካርድ ላይ ይጽፋል። ቁጥሩን በትክክል ለክቷል። በትክክልም ጽፏል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ቲዎሪ ብቻ ናቸው፣ ክሊኒካል ሲደርሱ ይነቃሉ» የሚለውን አባባል አልቀበልም። ዝም ብሎ የመቀበል ልማድ ሁለት ዓመት ከተኮተኮተ በኋላ በአንድ ራውንድ አይነቀልም።

ዝም ባለ አፍ

ባልደረቦቼ የሚሉኝ አለ። «የኛ ተማሪ አይናገርም፣ ባህላችን ነው። ሽምደዳ ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ የመጣ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብሎ ያደገ ልጅ ከመቶ ሰው በላይ በተቀመጠበት አዳራሽ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ እጁን አውጥቶ እንዲሳሳት መጠበቅ ከባድ ነው። ግን ሌላም ተረት አለን፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ይኸኛው ደግሞ ለሕክምና ሙያ ሳይስማማ አይቀርም። ታካሚውን ያልጠየቀ ምርመራውን ይስታል፣ ሲኒየሩን ያልጠየቀ መድኃኒቱን ይስታል።

የቄስ ትምህርት ቤቱን በተመለከተም ሙሉውን እናስብ። ዳዊት በቃል ይያዛል፣ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ሲደረስ ግን የተሸመደደ አይሠራም። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። የየዕለቱ ሥራው ይኸው ነው። የላቁት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ያስተምራሉ። የራሱን ሳያመጣ ባለቅኔ የተባለ የለም። ስለዚህ ተማሪን ማሠራት ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚለው አይዋጥልኝም።

የሃርቫርዱ ፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዘዴ እኔ ያን ከሰዓት ካደረግኩት ጋር አንድ ነው፦ ጥያቄ፣ እጅ ማውጣት፣ ከጎረቤት ጋር መከራከር፣ እንደገና እጅ ማውጣት፣ ከዚያ ማብራሪያ። መሣሪያ አይፈልግም። የግፊት መለኪያው ለሴክሽኑ ባይዳረስም አንጓ የሌለው ተማሪ የለም። ሰፊ ክፍል ያላቸው መምህራን «ለኛ አይሆንም» ሲሉ እሰማለሁ። ለኔ እንዲያውም የሠራው ክፍሉ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ በመቶ ሰው መሀል ሁልጊዜ የተለየ እጅ ያወጣ ጎረቤት ይገኛል።

የቡድን ሥራ ስንል ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ተማሪዎች በ1ለ5 ቡድን ይደራጁበት የነበረውን ዘመን የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንዱ ቀለሜ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ውጤት እኩል ይካፈላል። ያ ተማሪን አያሳትፍም። ልዩነቱ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ እያንዳንዱ ልጅ ከመወያየቱ በፊት ለብቻው አንድ መልስ ላይ መቆም አለበት። እጁን ማውጣት፣ ወይም ወረቀት ላይ መጻፍ። አቋም ያልያዘ ሰው የሚከራከርበት ነገር የለውም፤ ጎበዙ የሚለውን ይሰማና ያልፋል።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ እሰጣለሁ። ክርክሩን ግን በአፍ መፍቻቸው እተዋለሁ። ነገ ጤና ጣቢያ ላይ እናቲቱን «መቼ ጀመረሽ? ስንት ጨርቅ አራሰ?» ብለው የሚጠይቋት በእንግሊዝኛ አይደለም።

ጎንደርና ጅማ ያወቁት

እኛ አገር ይህን ነገር የጤና ትምህርት ከጅምሩ ያውቀው ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን አብሮ አሠልጥኖ፣ አብሮ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ነበር። የቡድን ሥልጠናው ዛሬም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጅማው ጤና ሳይንስ ተቋም ደግሞ ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ መሠረተ። ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ችግሩን በዓይኑ እንዲያይ አደረገ።

ግን መውጣት ብቻውን አይበቃም። መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩ ተማሪዎችን አይቻለሁ። «የመጠጥ ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ። ጉድጓዱ ከሽንት ቤቱ በታች ተዳፋት ላይ መቆፈሩን ከፊታቸው እያዩት አይጠይቁም፣ ቅጹ ላይ የለማ። ክፍል ውስጥ ዝም ማለትን የተማረ ልጅ መንደርም ወስደህ ብታወጣው ዝምታውን ይዞ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ጎንደርና ጅማ የጀመሩት ነገር የሚጸናው አዳራሹ ሲለወጥ ነው የምለው።

ለአዲሱ ባች

ለግምገማው ወረቀት የሰጠሁት መልስ ክፍሉን ወደ ድሮው መመለስ አይደለም። የዘንድሮዎቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እነግራቸዋለሁ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ትደናገራላችሁ። ያ ስሜት ሲመጣ ትምህርቱ እየሠራ ነው።» የሃርቫርዱ ጥናት አዘጋጆችም መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቀድመው እንዲያስረዱ ይመክራሉ። የ2006ቱን ሙከራ በአጭሩ እዚያው ክፍል ውስጥ እያሠራኋቸው አሳያለሁ፤ በሰው ጥናት ከሚያምኑ በራሳቸው ውጤት ቢያምኑ ይሻላል።

ፈተናውንም መቀየር ነበረብኝ። በክርክር አስተምረህ በሽምደዳ ከፈተንክ ተማሪው የቱን እንደሚያምን የታወቀ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናም አለ፤ ሁለቱም የምርጫ ጥያቄ ስለሆኑ ልጆቹ ቢጨነቁ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ የኔንም ጥያቄዎች በምርጫ አወጣለሁ፣ ግን ከሀንድአውቱ ላይ ተገልብጦ የሚመለስ አይገኝባቸውም። አንዲት እናት፣ አንድ ሕፃን፣ ጥቂት ቁጥሮች፣ ከዚያ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?»።

አሁን እያዘጋጀሁት ያለው የአንጀት ምዕራፍ ነው። ጥያቄውን አግኝቼዋለሁ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ኦአርኤስ እንሰጣለን፤ ብዙ እናቶች ለምለም የሚሉት። ጨው እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። የጠፋውን ለመተካት ነው። ስኳሩ ግን ለምን? ሀ፣ ኃይል እንዲሰጠው። ለ፣ ጣዕሙ እንዲጥመው። ሐ፣ ስኳሩ ከሌለ ጨውና ውሃው በደንብ ስለማይገባ። አብዛኛው «ሀ» እንደሚል እገምታለሁ። ከዚያ ከጎረቤታቸው ጋር ይነጋገራሉ፣ እኔም የአንጀትን ግድግዳ ሰሌዳው ላይ እስላለሁ። ሶዲየምና ግሉኮስ አንድ በር ተጋርተው አብረው ሲገቡ፣ ውሃው ተከትሎ ሲሄድ ማሳየት የምጀምረው ሁለተኛውን እጅ ካስወጣሁ በኋላ ነው።